ባዶዋ መስመር

ቅጹን ሞልቼ ነበር፦ ስም፣ ዕድሜ፣ «ጎንደር፣ ቸቸላ»፤
«የሥራ ልምድ» ሲል ግን እጄ አለ ወደ ኋላ።
እስክሪብቶው ቆመ፣ መስመሯ ባዶ ናት፤
አቶ መልሰው አዩኝ በመነጽሩ አናት።

ልዋሽ ብዬ ነበር፤ እውነቱ አመለጠኝ፦
«ሥራ የለኝም ጌታዬ፤ ወረፋ ነው ያለኝ።

ውኃ በሳምንቱ ከቦኖው ሲመጣ፣
ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት ሰፈሩ ሲወጣ፣
መቶ አርባ ጀሪካን ጥግ ይዞ ሲጠማዘዝ፣
ደብተር ያዥ እኔ ነኝ፣ ተራ የማስይዝ።
የማን ክዳን በማን እንደተለወጠ አውቃለሁ፤
ሲሰዳደቡ ደግሞ ሁለቱንም እሰማለሁ።
(ዝም ብሎ መስማት፣ ያውም እየበረደ፣
ቀላል እንዳይመስልዎ፤ ስንቱ ሞክሮ ሄደ።)
አንዴ ተሳስቼ የእመት ዘርትሁንን ተራ ዘለልኩት፤
በሰው ፊት ይቅርታ ብዬ፣
ውኃውን ተሸክሜ ደጃቸው አደረስኩት።»

ዝም አሉ። ከታች ግን ጩኸት ደረጃውን ወጣ፤
ሁለት እንግዶች ናቸው፣ ባንድ ቁልፍ፣ በቁጣ።
«እስቲ ውረጂ» አሉኝ፣ መነጽር እየጠረጉ።
መስመሯን እንዳለች ትቼ
ወረድኩ፣ ልሰማ ምን እንደፈለጉ።

እስክሪብቷቸው እጄ ላይ ቀርቷል።