የበር ጌጥ

ባሕር ከሚታየው፣ ከአሥራ ሰባተኛው ፎቅ
ሁለት ሆድ ተሸክመን ባንድ ወጥ ቤት ስንጨናነቅ
እመቤቴ ሳቀች፣ ዶና ኤሎይዛ፤
«እኩል አበጥን እኮ!» አለች፣ ትከሻዬን ይዛ።
እውነቷን ነው፤
በሜትር ቢለካ፣ በሳምንት ቢቆጠር
በኔና በሷ ሆድ ልዩነት አልነበር።

እዚህ ሬሲፌ ውስጥ የደህና ሰው ወግ ነው፤
አራሷ ከተኛችበት በር ላይ ጌጥ የሚሰቀለው።
ክብ ነው እንደ ሰፌድ፣ ስሙ የተጠለፈበት፣
ልጁ ገና ሳይመጣ «ግባ» የሚባልበት።
ጣቴ ለመርፌ አይታማም፤ ሥራው ለኔ ተሰጠ።
ሦስት ሌሊት፣ ኢቡራ ዳገት ላይ፣ ዓይኔ ክር ላይ እንዳፈጠጠ
«ቤንቶ» ብዬ ጠለፍኩ በሰማያዊ ክር፣
ካጠገቡ ጀልባ፣ ሁለት ዓሣ፣ ትንሽ ባሕር።
የኔዋ ከውስጥ ረገጠችኝ።
«ቆይ፣ ያንቺም ይደርሳል» አልኳት፤ መርፌዋ ወጋችኝ።

የሷ ቀጠሮ ሐሙስ ነበር፣ ጠዋት በሦስት ሰዓት።
ጥፍሯን ተቀብታ ሄደች፤ ሻንጣዋን ያዝኩላት።
ሐኪሙ በስሟ ጠራት፣
ሲበርዳት ብርድ ልብስ፣ ስትፈራ እጁን ሰጣት።
ማታ ግን፣ ጎብኚው ሁሉ ሄዶ፣ ጡቷ አልወርድ ብሎ ስታለቅስ፣
«መጠበቅ ነበር የፈለግኩት» አለችኝ፣ «ምጡ ራሱ እስኪደርስ።
ሐኪሜ ዓርብ በረራ አለበት።»
ምን ልበላት?
እሷንም አልጠየቋትም፤
በለሰለሰ ድምፅ ነው ያልጠየቋት።

የኔ ቀን ቅዳሜ ማታ መጣ፤ ቀጠሮ የለም፣ የጥፍር ቀለም የለም፣
በአውቶቡስ፣ ብረት ጨብጬ፤ «ተቀመጪ» ያለኝ የለም።
አንደኛው ሆስፒታል «አልጋ ሞልቷል» አለኝ፣
ሁለተኛው «ገና ነሽ፣ ነገ ነይ» ብሎ መለሰኝ፣
ሦስተኛው ኮሪደር ሰጠኝ።
ኮሪደር በር የለውም።

አሥራ አንድ ሴቶች ነበርን፣ የሁላችንም ስም «እናትዬ»፤
«እናትዬ ዞሪ፣ እናትዬ ዝም በይ።»
ወገቤ ለሁለት ሲሰነጠቅ ጮህኩ፤
«ስታረግዢ እንዲህ ጮኸሽ ነበር?» አለች አንዷ፣ ጓንቷን እያጠለቀች።
ጓደኛዋ ሳቀች።
ማስታገሻ ብለምን ወጣቱ ሐኪም ክንዴን አየና፣
የክንዴን ጥቁረት አየና፣
«እናንተ ጠንካሮች ናችሁ» አለኝ።
ምርቃት ይመስላል።
የአያቴን ጀርባ ሸንኮራ ያሸከሙት ሰዎችም
ሲመርቁ እንዲሁ ነበር።

ከጎኔ ሸርጣን ለቃሚዋ ኢቫኒልዲ፣ ስድስተኛዋን የምታምጥ፣
እጇ እንደ ቅርፊት ሻካራ፣ ጣቴን ጨበጠችው አጥብቃ፤
«ጩኺ ልጄ» አለችኝ፣
«እዚህ የጮኸች ትሰደባለች፣
ዝም ያለች ትረሳለች።
ስድብ ይሻላል።»

ሊነጋ ሲል ወለድኩ።
ማርያም ማረችኝ፤ ሌላ የማረኝ አልነበረም።

ቦርሳዬ ውስጥ ከቤንቶ የተረፈ ክር ነበር።
ቁራጭ ፋሻ ላይ «ዛይራ» ብዬ ጠለፍኩ፣ ጀልባ የለ፣ ባሕር የለ፣
ጉሉኮስ የተሰቀለበት ብረት ላይ አሰርኩት።
ፅዳት ሠራተኛዋ መጥረጊያዋን አቁማ አነበበችው፤
«ዛይራ ማን ናት?»
ከገባሁ ጀምሮ ስም ስጠየቅ የመጀመሪያዬ ነው።
የልጄን ነገርኳት፤
የኔንም ጨመርኩላት፣ ሳትጠይቀኝ።

ዛሬ ሥራ ገባሁ፤ አርባ ቀን አልሞላኝም።
የቤንቶን የበር ጌጥ አቧራውን እጠርጋለሁ፤ ጀልባው አልደበዘዘም።
የኔዋ ዳገቱ ላይ ናት፣ ጎረቤት ጋ፣ ጡጦ ይዛ፤
እዚህ ቤንቶ ሲያለቅስ ቀሚሴ በወተት ይርሳል።
ዶና ኤሎይዛ ደረቴን ታያለች፤
ታይና፣ ወደ ባሕሩ ትዞራለች።
እስካሁን አልጠየቀችኝም።