ዛሜክ

ሉብሊን ከተማ ውስጥ፣ ከግንቡ ኮረብታ ጥቂት ወረድ ብሎ፣
ጠባብ ሱቅ አለ፤ በሩ ላይ ዚፕ የሌለው ጃኬት ተሰቅሎ።
ጌኖቬፋ ናት ባለቤቱ፦ ሠላሳ አንድ ዓመት ለልብስ
ጥርስ ስትተክል የኖረች፣ የወለቀ ስትመልስ።
ዘንድሮ ግን በሩ ዝም አለ፤ ሰው ዚፑ ሲበላሽ
ስልኩን ይጠይቃል፤ ጎረቤት ትዝ የሚለው ሲመሽ።

የእህቷ ልጅ ቲሜክ፣ አሥራ ዘጠኝ ዓመቱ፣ አንድ ማታ
ላፕቶፑን ከመቀሱ ጎን ዘርግቶ፦ «ቃል እንግዛ፤ በጨረታ።
ሰው ያን ቃል ሲፈልግ ስምሽ ከላይ ብቅ ይላል፤
ጠቅ ያደረገ ያስከፍልሻል፤ ያላደረገ በነፃ ያልፋል።»
«በቀን ስንት?» «ሃያ ዝሎቲ።» መርፌዋን ከከንፈሯ አነሣች።
«በሃያ ዝሎቲ ቀሚስ አሳጥራለሁ እኔ!» ኋላ ግን እሺ አለች።

«ሥራሽን በአንድ ቃል?» «ዛሜክ ነዋ!» እሱም ሳያቅማማ ጻፈው፣
ብቻውን፣ እርቃኑን፣ አጃቢ ቃል እንኳ ሳይደግፈው።
ገና ረፋድ ላይ ሃያው ዝሎቲ ተሟጦ አለቀ፤
አርባ ጣት ጠቅ ሲያደርግ፣ አንድ እጅ በሩን አላነቃነቀ።

ቲሜክ ፈላጊዎቹ የጻፉትን ከፍቶ አነበበላት፦
«የዛሜኩ መግቢያ ስንት ነው?» «ሰኞ ክፍት ነው ወይ ዛሜኩ?»
«ሌሊት ደጅ ቀረሁ፤ ዛሜክ የሚሰብር ሰው በፍጥነት ላኩ!»

ለካ ዛሜክ በእነሱ አፍ የነገሥታት ግንብ ነው፤
የበርም መቆለፊያ ነው፤ የጃኬትም ዚፕ እሱው ነው።
(እኛስ ብንሆን፣ ቁልፍ ስንል የበሩን ነው የሸሚዙን?
ቃሉን ለገዛ ነጋዴ ማን ይነግረዋል መዘዙን?)
ቅኔ ቢሆን ኖሮ ኅብረ ቃሉ ባስጨበጨበ፤
ንግድ ነውና ዝም ብሎ ከኪሷ ሳንቲም ሰበሰበ።

ከዚያ ክልከላ መጣ፦ ይህ ቃል ካለበት አታሳየኝ የሚል።
ሙዚየም ተከለከለ። ትኬት ተከለከለ። የበር ነገር በሙሉ።
ንጉሥም፣ ከነንግሥቲቱ።
«ንጉሥ ከደጄ ስመልስ» አለች፣ «በዕድሜዬ ይህ መጀመሪያዬ።»

ከዚያ ልኬት ሆነ። ልብስ ሳይሰፋ በስፒል ተይዞ
ገላ ላይ እንደሚሞከር፣ ቃልም በሳምንት ተመዝኖ፦
«ዚፕ መቀየር»፤ ዘጠኝ ጠቅታ፣ ሁለት ሱሪ።
«የዚፕ ጥገና»፤ አሥራ አንድ ጠቅታ፣ አንድ ቦርሳ፣ እሱም የተማሪ።
«የመብረቅ ዛሜክ» አስጻፈችው፣ ሙሉ ስሙ ይህ ነው ብላ፤
አንድ ጠቅታ። ጡረተኛ መምህር። የፊደል ስሕተት ሊነግራት ደወለላት ኋላ።

ሁሉን በልኬት ደብተሯ ላይ በእርሳስ ታሰፍራለች፤
አራተኛው ሳምንት ላይ ግን መነጽሯን አውልቃ «ስማ» አለች፣
«ከዚህ ደጅ የገባ ሰው "ዚፕ መቀየር" ሲል ሰምቼ አላውቅም፤
ጃኬቱን ያነሣና "አይዘጋም" ይላል፤ ሌላ አይጨምርም።
በሽተኛ የበሽታውን ስም ከየት ያውቃል?
ያመመውን ይነካል።»

«ጃኬቴ አይዘጋም» ብሎ ጻፈ። ማንም አልተጫረተበት፤
ርካሽ ነበር። ስድስት ጠቅታ፤ አራት ጃኬት መጣበት።

ኅዳር ሲጋመስ አንድ ሰው ገባ፣ ካፖርቱን በጡጫው ጨብጦ፣
ቪቶልድ ይባላል፤ አፍንጫው ፍም መስሎ፣ ትንፋሹ ተቆራርጦ።
«ግንቡ ውስጥ ነው የምሠራው፤ የሙዚየሙ ትኬት ቆራጭ ነኝ።
"ከሙዚየሙ አጠገብ ዚፕ" ብዬ ሦስት ቀን ስፈልግ፣ ስልኩ ዋርሶ ላከኝ!
ዛሬ ዳቦ ሻጯ ናት የጠቆመችኝ። ከመስኮቴ እኮ መቶ እርምጃ ነዎት!»

ጌኖቬፋ ቲሜክን አየችው፤ ቲሜክ ጣሪያውን አየ።

ዚፑን ስትተክል አንድ ቃል አልተነፈሰች።
ሰውየው እስከ አንገቱ ዘግቶ ከወጣ በኋላ፣
«ሙዚየምን ፍታው» አለች።
«ጎብኚው ገንዘብሽን ቢበላስ?»
«ይብላ። ጎብኚም ጃኬት ይለብሳል።»
«ንጉሡስ?»
ክሩን በጥርሷ በጠሰች።
«ንጉሡ ይቆይ።»