የጣራው ጉልት

በዌልስ ተራሮች ሥር፣ በብላይናይ ከተማ፣
ጣራው ሁሉ ድንጋይ፣ ድንጋዩም ጨለማ፣
"ዝናብ በዓመት አንዴ ብቻ ነው የሚያባራ"
ብለን እንቀልዳለን እርስ በርስ ስናወራ።
እዚያ ነው ቤት የገዛሁ፣
ሃያ ሁለት ዓመት ሌሊት ሊጥ አቡክቼ፣
ከዳቦ ቤት ደሞዝ ቁራሽ ቁራሽ ትቼ፤
ሁለት ክፍል፣ ደረጃ፣ የሚያለቅስ ቧንቧ፣
ከኋላ ጥቂት መሬት፣ ከፊት አንድ አበባ።
"እንኳን ደስ አለሽ ኔስታ፣ ባለቤት ሆንሽ" አሉኝ።
ባለቤት የለኝም፤ ባለቤት ግን ነኝ።

ጣራው ላይ ተሰድረው አሥራ ሁለት ሰሌዳ፣
ሰማያዊ፣ ለስላሳ፣ ዝናብ እያጸዳ፤
ፀሐይ ስትወጣ (ከወጣች ነው እንግዲህ)
የሚጠጧት ናቸው።
ደላላው ቤቱን ሲያሳየኝ በጣቱ ጠቁሞ፣
"ይሄ ምራቂ ነው" አለ፣ አከለና ደግሞ፦
"ፀሐይ ሒሳብ አትልክም።"
እኔም በነፃ መብራት ሻይ እያፈላሁ፣
ገና ያልገባውን ክረምት በምኞቴ አሞቅሁ።

በሦስተኛው ሳምንት ፖስተኛው ጥሎ ሄደ፣
ነጭ ፖስታ፣ ስም የለው፤ ልቤ ግን ራደ፤
"ለጣራው አከራይ" ነው የሚለው ከላዩ።
እኔ መቼ አከራየሁ? ማነው ተከራዩ?

ጠበቃዬ ትሬሃርን መነጽሩን ወዲያ አድርጎ፣
አርባ ገጽ ውል አነበበ ጉሮሮውን ጠራርጎ።
(ከመግዛቴ በፊት ማንበብ ነበረበት፤
ይህን ሁለታችንም እናውቃለን።)
"ድንጋዩ ያንቺ ነው፣ ወራጁም፣ ምስማሩ፤
ግን ከጣራው በላይ፣ ክንድ የሚያህል አየሩ፣
ሃያ አምስት ዓመት ሙሉ በኪራይ ነው ማደሩ።"
"አየር ይከራያል?" ብዬ ብስቅበት፣
እሱ አልሳቀም፤ ጣቱን አሳረፈ ማኅተም ባለበት።

ርስቱ ለእኔ ሆኖ፣ ጉልቱ ለኩባንያ፣
ፀሐይ ስትገብር ቀኑን ሙሉ ለእነዚያ!
ውሉ "ለቀን መብራት አትክፈይ" ይላል፣
የተረፈውን ግን ሸጦ ኩባንያው ይበላል።
እኔ ደግሞ ጋጋሪ ነኝ፣ ሌሊት ነው ሥራዬ፤
ነፃው ብርሃን በቀን ሲጎርፍ ከላዬ፣
መጋረጃ ዘግቼ እተኛለሁ ከሥሩ።

ኩባንያውን ፈለግሁት። ስሙ ሦስቴ ተገልብጧል፦
"ንጋት" ነበር፣ "አድማስ" ሆነ፣ አድማስም ተሽጧል፣
ባሕር ማዶ ላለ የጡረተኞች ገንዘብ፣
ፀሐይን በወረቀት ብቻ ለሚያውቅ ሕዝብ።
ስልኩ ሙዚቃ ያሰማል። በመጨረሻ አንዲት ትሑት፦
"ጣራዎን በስም አላውቀውም፤ በቁጥሩ ይጥሩት።"
"ቁጥሩስ የት አለ?"
"ከሰሌዳው ጀርባ ላይ።"
መሰላል የለኝም።

ወደ ኦልወን ሄድኩ፣ ቤቱን ወደ ሸጠችልኝ፤
ከመጦሪያው መስኮት ዳር ብስኩት አቀረበችልኝ።
"የጣራው ነገር" አልኳት፣ "ባለቤቱ ማነው?"
"ባለቤቴማ ሞተ" አለች፤ "ስድስት ዓመት ሆነው።
ሳንባው ነበር፤ የዋጠው የድንጋይ አቧራ ነው የገደለው።
ያ ሰውዬ ከነወረቀቱ ሲመጣ ግዊሊም አልጋ ላይ ነበር።
'እኔ ስሄድ ቤቱ አይብረድ፣ ኦልወን ትሙቅ' ብሎ፣
አርባውን ገጽ ሳያይ ፈረመ ቸኩሎ።"

ከመሳቢያዋ አወጣች አንድ የተማሪ ደብተር፣
በእርሳስ የተጻፈ፣ ቀን በቀን፣ ቁጥር በቁጥር፦
ሰኞ፣ ዝናብ፣ ሁለት። ማክሰኞ፣ ዝናብ፣ አንድ።
ረቡዕ፣ ጉም፣ ባዶ። ሐሙስ፣ ደግሞ ዝናብ፣ አንድ።
ዓርብ፣ አሥራ አንድ! ኦልወን ወጥታ ዓይኗን ከለለች፣ ሳቀች።
ሽፋኑ ላይ፣ በቀይ፣ የጣራዬ ቁጥር።

ደወልኩ። አወቁት። አሥራ አንድ ዓመት ቀርቶታል።
ጣራው ቢያፈስ እንኳ ፈቃድ ያስፈልገኛል።
ማንንም አልከሰስኩም። ብቻ እሑድ አልተኛሁም፦
በቀትር ሊጥ አቦካሁ፣ ምድጃውን አጋልኩ፣
ከኩባንያው አፍ ቀድሜ ብርሃኑን ጋገርኩ።
አንዱን ዳቦ፣ ትኩሱን፣ በፎጣ ጠቅልዬ፣
ለኦልወን ወሰድኩላት፣ "ከባለቤትሽ ነው" ብዬ።

ማታ ደብተሩን ገለጥኩ፣ እርሳስ ቀረጽኩ፣ ጻፍኩ፦
እሑድ፣ ከፊል ደመና፣ ሦስት ተኩል።