የባሕር ሒሳብ

የሚዛን መርማሪ ነኝ። በዓመት ሁለት ጊዜ
ከተማ ለከተማ እዞራለሁ ከነጓዜ፤
ኪሎውን፣ ግማሹን፣ ሩቡን፣ የነሐስ ልጆቼን
በፎጣ ጠቅልዬ አሳቅፌ ሻንጣዬን።

ድሬ ስወርድ ማታ ሙቀቱ ተቀበለኝ፣
ብድር እንደሚፈልግ ዘመድ አንቆ ሳመኝ።
ከዚራ፣ ከዛፎቹ ሥር፣ መዋኛ ያላቸው፣
በረንዳቸው በመብራት የተኳለላቸው
ሆቴሎች አበሌን ሰምተው ፊታቸው ጠቆረ፤
ባለ ባጃጁ ገባው፤ ሳልነግረው ዞረ።
«አቦ፣ ባሕር ልውሰድህ?» አለኝ በመስታወት።
«ባሕር?» አልኩ። «ባሕር!» አለ፤ ነዳው በፍጥነት።

«ባሕር ዕይታ ሆቴል»፤ ቀለሙ የለቀቀ፣
«ታ» ከቦታው ወርዶ በሽቦ የታነቀ።
ፊት ለፊቱ ያለው ደቻቱ ነው፤ አሸዋ፤
ግመል፣ የመኪና ጎማ፣ ደግሞ ሌላ አሸዋ።

ኢንቲሳር ትባላለች፤ ስልሳን ተሻግራለች፤
የቁልፍ ዘለላዋን እንደ ሙስበሓ ትቆጥራለች።
«ባሕሩ የት አለ?» አልኳት፣ ላቤን እየጠረግሁ።
«አንተ፣ መጀመሪያ ታጠብ» አለች፤ እኔም ታዘዝሁ።

ሰባት ቁጥር። የብረት አልጋ፣ ሲገላበጡ የሚያዜም፤
ባለ አበባ ሸክላ ወለል፣ አንዱ ካንዱ የማይገጥም፤
ቬንቲሌተሩ አንገቱን ግራ ቀኝ እየነቀነቀ
ዕርቅ እንዳልሆነለት ሽማግሌ ሌሊቱን ዘለቀ።

ቀን ቀን መጋላ ገብቼ ሚዛን ስፈትሽ ዋልሁ፤
የቲማቲም ሻጯን ሚዛን ሃምሳ ግራም ሲሰርቅ ያዝሁ።
«ሙቀቱ ነው» አለች ሳታፍር፤ «በድሬ ፀሐይ ማን ይቻላል?
እንኳን የኔ ሚዛን፣ አቦ፣ የመንግሥትም ይቀላል።»

ባሕሩ ምግብ ቤት ውስጥ ነው። ግድግዳው ሙሉ።

«አባባ ፉርጎ ቀቢ ነበር፣ ሽሜንዴፈር ቤት።
ጅቡቲ ሦስት ቀን ከረመ፤ ባሕር ገባበት።
ከዚያ ወዲያ ወር በጠባ፣ ከፉርጎ እየነጠቀ፣
በወተት ጣሳ ሰማያዊ፤ ቤቱን አጥለቀለቀ።»

አንዱ ማዕበል ጠቆር፣ ሌላው ፈዘዝ ይላል፤
የየወሩ ትራፊ መቼ አንድ ይሆናል?
እንግዶች በእስክሪብቶ ዓሣ ጨምረዋል፤
አንዱ ከዓሣው ሥር ስልክ ቁጥሩን ጽፏል።
ጥግ ላይ መርከብ አለች። መልሕቅ የላትም።
«መልሕቁ ላይ ሲደርስ ባቡሩ ቆመ» አለች፤
ሌላ አልጨመረችም።

መብራት ሄደ። ከሻማው ማዶ
ደበላ፣ የከባድ መኪና ሹፌር፣ ፓስታውን ገፋ አድርጎ፦
«እውነተኛውን» አለ፣ «አየዋለሁ በሳምንት ሁለቴ፤
ጨው ነው፣ ክሬን ነው፣ ወረፋ ነው፤ ተቃጥሏል አንጀቴ።
ዓይኔን ላሳርፍ ስፈልግ እዚህ ነው የምቀመጠው»
አለና ለግድግዳው ፊቱን ሙሉ ሰጠው።

ሦስት ሰዓት ገደማ ነፋሱ ከተራራ ወርዶ
አሸዋውን ሹሹ አሰኘው፣ መጋረጃውን ወስዶ፣ መልሶ፣ ወስዶ።
ማንም አልተናገረም። እኔ ግን ሥራዬ ነውና
ስንት ኪሎ ይሆን ብዬ ጆሮዬን አዘነበልሁና
ተውሁት።

ስወጣ ሒሳብ መጣ፦ አልጋ፣ ሦስት ሌሊት፤
ውሃ፤ ሁለት ፉል፤ ሻይ በወተት፤
ከታች በቀይ እስክሪብቶ፦
«ባሕር፣ አምስት ብር።»
«ይኼ ምንድን ነው?» አልኳት።
«አላየኸውም?»
«አይቻለሁ።»
«እና ክፈላ! ቀለም በነፃ አይመጣም።»

ዋናው መሥሪያ ቤት፣ ፋይናንስ፣ ወይዘሮ አስካለማርያም
መነጽራቸውን ዝቅ አርገው፦ «ልጄ፣ እንዲህ ያለ መደብ የለም።
ትራንስፖርት አለ፣ አልጋ አለ፣ ልዩ ልዩ አለ፤
ባሕር ከመዝገባችን ከተሠረዘ ቆየ» አሉ።
አምስት ብሩን ከኪሴ ቻልኩ።

በጥቅምት ደግሞ ድሬ ነኝ። ሰባት ቁጥርን አስይዣለሁ።
አንድ ጣሳ ሰማያዊም ከጋራዥ ሰፈር ገዝቻለሁ፤
የመኪና ቀለም ነው፤ ከዚያኛው አይመሳሰልም።
መቼ ተመሳስሎ ያውቃል?
መልሕቅ መሣል አላውቅም።