የውሃ ማኅተም

እኛ ወንጂ ያደግን፣ መታወቂያ አንጠየቅም፤
አፋችንን ስንከፍት፣ ቀበሌያችን አይደበቅም።
ሰዉ በሸንኮራው ያማናል፦ “ስኳር ነው የበላቸው”፤
ኧረ ውሃው ነው፣ ውሃው! ገና ከድድ ሳይወጡ የነከራቸው።

አርባ ዓመት ሙሉ በፎቶ ላይ፣ እጄ ካፌ አልወረደም፤
በሠርጌ ቀን እንኳ፣ ከንፈሬ ጥርሴን ለካሜራ አልፈቀደም።

ልጄ ማስተዋል ነች፣ ከኔታንያ የደወለችው፦
“አባዬ፣ ለእኔ ሠርግ ግን፣ እጅህን ታወርዳታለህ” ያለችው።
ቲኬት ላከች፤
ቀጠሮ ያዘች፤
ከደመወዟ ቆርሳ፣ ለስምንት ጥርስ ቀብድ ከፈለች።

ሄርጽል መንገድ፣ ከዳቦ ቤቱ በላይ፣ ሁለተኛው ፎቅ፤
ዶክተር ፋይና አፌን አየችው፣ መብራቷን አድርጋ ዝቅ።
በሩሲያኛ አጉረመረመች፤ በዕብራይስጥ ለልጄ ነገረች፤
ማስተዋል ባጭሩ አመጣችው፦ “ውሃው ነው አይደል?” አለች።
ስኳር ያላለችኝ የመጀመሪያዋ ሐኪም እሷ ሆነች።

የቀለም ናሙና ዘረጋች፤ በሰልፍ የቆሙ የፖርስሊን ጥርሶች፣
ወተት የመሰሉ፣ ጥጥ የመሰሉ፣ እንደ ሆቴል አንሶላ ድርቅ ያሉ ነጮች።
ልጄ አንሶላውን ጠቆመች፤ እኔ ግን ከዳር ያለውን፣
ትንሽ ሻይ የቀመሰ፣ ትንሽ ዕድሜ የነካካ የሚመስለውን።

ከዚያማ ሞረዱ መጣ፤ አቧራው ባፍንጫዬ ተነነ፤
ከንፈሬ ሞቶ ሳለ፣ ጆሮዬ ብቻውን ሰው ሆነ።
የካምፓችን ቧንቧ፣ በልጅነቴ ቀስ ብሎ የጻፈው፣
በቀጭን ቱቦ ተመጦ ሄደ፣ ማንም አንዴ እንኳ ሳያነበው።

ሁለት ሳምንት በጊዜያዊ ጥርስ፤ ሻዩ ለብ፣ ዳቦው ርጥብ፤
“ፀሐይ” ባልኩ ቁጥር ያፏጫል አፌ፤
የባሕሩ ዳር ድመት ሁሉ ቀና ይላል፣ የጠራሁት ይመስል ለምግብ።

የተለጠፈ ዕለት መስታወት ሰጡኝ። ሳቅሁ። ሰውዬውም ሳቀ፤
ደስ የሚል ሰው ነው፤ ከየት እንደመጣ ግን ማን ጠየቀ፣ ማን አወቀ?
“ጥርስ ባዳ ነው” ሲሉ ስሰማ፣ ለተረት ይመስለኝ ነበር፤
ይኸው ባዳ ስምንት ሆኖ፣ ቤቴ ገብቶ ሲደረደር።

ስወጣ፣ ከመጠበቂያው ወንበር፣ አንድ ሽማግሌ ያዛጋል፤
ቡኒ ነው! ያ የኛ ውሃ፣ ከጥርሱ ላይ ይነበባል።
“ጤና ይስጥልኝ” አልኩና ፈገግ አልኩለት፣ በአዲሱ፤
ሰላምታዬን ባንገቱ መለሰ፤ ከንፈሩን ገጠመ በጥርሱ።
ምን ልበለው? ወንጂ ነኝ ብል፣
ማስረጃው ቱቦ ውስጥ ቀርቷል።

ማስተዋል ከበሩ ላይ፦ “ድመቶቹን አሁን ማን ይጥራቸው?” ስትለኝ፣
ሳቄ ሳላስበው መጣ፤ እጄም እንደ ልማዷ፣ ካፌ ላይ ዘላ ጉብ አለችብኝ።

ሽማግሌው ጋዜጣውን አጠፈ።
እጄን ነው ያየው። እጄን። ተነሣና፣ አጠገቤ መጥቶ አረፈ።

“የየትኛው ካምፕ ልጅ ነህ?” አለኝ።