ቁጥር አርባ አንድ

በግሮድኖ ፍርድ ቤት፣ ከደረጃው ሥር ነው፤
ካፖርት እሰቅላለሁ፣ ሥራዬ ይኸው ነው።
ዳኛ ይሁን ሌባ፣ በረዶ ያለበሰው
እኔ ጋ ሳያወልቅ፣ የነሐስ ቁጥሩን
በእጁ ሳልሰጠው
ወደ ላይ አይወጣም።

ያድቪጋን አውቃታለሁ፣ ዐሥራ ዘጠኝ ዓመት፤
አርባ አንድ ነው ቁጥሯ፣ ሌላ አልሰጠኋት።
አረንጓዴ ካፖርት፣ አንድ ቁልፍ የጎደለው፣
ክርኑ የሳሳ፣ ግን የተቦረሸ ነው።
አንድ ቀን ጠዋት ላይ፣ ውርጩን እያራገፈች፣
«እኔና አንተኮ ዘመድ ነን» አለች፤
«አንተ የልብስ ጠባቂ፣ እኔ የሰው ጠበቃ፣
የሁለታችን ሥራ አንድ ነው በቃ፤
የተሰጠንን አደራ
ሳይጎድል መመለስ።»
ሳቀች። እኔም ሳቅሁ።
የኔ ዕቃ አይጠፋም።
የሷ ላይ ከወጣ በዚህ በር አያልፍም።

በመጀመሪያ የመጡት ለጥብቅና ፈቃዷ።
ኮሚቴ ተሰይሞ ጠየቃት ከማለዳ፦
«ይግባኝ በስንት ቀን?» «በዐሥር ቀን» አለች።
«በስንተኛው አንቀጽ?» ቁጥሩን ጠራች።
ሌላ ጨመሩላት፤ እሱንም መለሰች።
ጻፉ፦ «ዕውቀት የላትም፤ ፈተና ወደቀች።»

ፈቃዷን ገፈፉ። ካፖርቷን ግን ለብሳ
በማግሥቱ መጣች፣ የትናንቱን ረስታ
ወይም ረሳሁ ብላ።
ዘበኛው ገተራት፦ «ጠበቃ አይደለሽም።»
«አይደለሁም አዎ። ታዳሚ ነኝ ዛሬ፤
ወንበሩ የሕዝብ ነው። ካዚሚር፣ ቁጥሬ!»

በያጁ ሊያቮን ነው ያን ዕለት የቀረበው፤
ከግራ ጆሮው ሥር ደም የደረቀበት ሰው።
ዳኛው አላዩትም። እሷ ግን አይታ
በር ላይ ተናገረች፣ ድምፅዋን ከፍ አድርጋ፣
በረዶ ላይ ቆመው ለሚጠብቁ እናቶች።

በሳምንቱ አንድ ሰው፣ ግራጫ ለባሽ፣
መስኮቴን ተደግፎ፣
ድምፁ የጎረቤት፣ ስለ ጉልበቴ ጠያቂ፦
«አርባ አንድ ኪስ ውስጥ ምን አለ፣ አንተ ጠባቂ?»

እጄን ከተትሁ።
(ለሰው ስተርክ እዚህ ላይ አቆማለሁ።)
እርሳስ። የደረቀ ዳቦ።
የወንድ የሱፍ ካልሲ፣ በክር ተጠቅልሎ።
«ካልሲ ነው» አልኩት። እውነት ነው፤ ምን አለው?
አመስግኖ ስሜን ጠየቀኝ፤ ሰጠሁት፣
እንደ ሰው ካፖርቱን፣
ምትክ ቁጥር እንኳ ሳልቀበል።

ክሱን ከላይ ሰምታ ጽዳቷ ዳኑታ
እየጠረገች ነገረችኝ፣ ዓይኔን ሳታይ፦
«ለእስረኞች ዕቃ በስውር ስታዘዋውር…
ሦስተኛ ምስክር፣ ካዚሚር።»

በኋላ በር አስገቧት፣ በዝግ መኪና፤
ካፖርት የሌለው ሰው እኔ ጋ አይደርስምና
አላየኋትም።
እኔንም አልጠሩኝም፤ ስሜ ብቻ በቃ።
የቆመላት አንድ ልጅ እግር ጠበቃ፣
ቲማፌይ የሚባል፣
አራት ዓመት ሲሏት ደረጃውን ወርዶ
ቁጥሩን ሊሰጠኝ ሲል ሦስቴ ከእጁ ወደቀ፤
ነሐሱ በእብነ በረዱ ላይ እየጮኸ ዘለቀ።

አርባ አንድ ባዶ ነው።
ሠላሳ ሰው ቢሰለፍ ማንም አይሰቅልበት።
ቅዳሜ ቅዳሜ መንጠቆውን እወለውላለሁ፤
ለምን እንደሆነ አልጠየቁኝም፣
ቢጠይቁኝም እንጃ።

ባለፈው ማክሰኞ ቲማፌይ መጣ፤
አርባ ሁለት ሰጠሁት።
ስሰቅልለት ካፖርቱ በቀኝ በኩል አዘመመ፤
ክብደቱን አውቀዋለሁ፣ እጄ ቀድሞ ታመመ።
ሱፍ ነው።
በክር የታሰረ። ጠበብ ያለ፣ የሴት ልክ።

ሰባት ደቂቃ አልሞላም።
«ጉልበትህስ?» አለኝ።
«በረዶው አልተስማማውም።»
«አርባ ሁለት ኪሱ ምን ይዟል?»

ከላይ የችሎቱ ደወል ተደወለ።

«ባዶ ነው» አልኩት።

ረዥም ጊዜ አየኝ፤ ከዚያ መንጠቆውን፣
ባዶውን፣ አየና
ስሜን ጠየቀኝ። ያውቀዋል። ግን ጠየቀኝ።
ነገርኩት፣ ቀስ ብዬ፣
ፊደል በፊደል።