የድሮው ይቅር

ዓርብ ነው፤ ቂርያት ጋት፤ ሦስተኛው ፎቅ ላይ
ፀሐይ ሳትጠልቅ ነው የተነሣው ጉዳይ።
ያቺ አሮጌ ኮምፒውተር፣ ዐሥር ዓመት የሞላት፣
ጎኗ በፕላስተር የተለጠፈላት፣
«የተጫነኝ ሊኑክስ ዘመኑ አልፎበታል፣
ከእንግዲህስ ጠጋኝ ከየት ይመጣል?»
የሚል ነገር ጽፋ አደረች።

የእህቴ ልጅ ኢታማር፣ ከውትድርና የወጣ ሰሞኑን፣
ከኪሱ መዘዘ ፍላሹን።
«አጎቴ፣ እናጥፋና ከዜሮ እንጫን፤ ምን ያደክምሃል?
ሃያ ደቂቃ ነው፤ ንጹሕ ቤት ይሆናል።»

«ማጥፋትማ» አልኩት «ማጥፋትማ ቀላል፤
ሳያፈርስ ማደስ ግን ማን ይችላል?
ከፕሪንተሩ ጋራ ላስታርቃት ሦስት ሌሊት ፈጅቻለሁ፣
ፊደላችንን በጣቴ አንድ በአንድ አስተምሬያታለሁ፤
ጸሎትን ከፀሐይ እንድትለይ፣
ቈንጆን ሳትሰብር እንድታሳይ፤
ስንቱን ትእዛዝ፣ ስንቱን ዘዴ በየጥጉ ሸጉጫለሁ፣
የት እንዳለ አላውቀውም፤ እንዳለ ግን አውቃለሁ።»

«ፋይልህን እኮ እንቀዳዋለን» አለኝ ሳቅ እያለ።
«ፋይሉስ ይቀዳል፤ ለልማድ የሚሆን መቅጃ የት አለ?»

እንጉዳይ ከወጥ ቤት አንገቷን አስግጋ፦
«ሙግቱን ቶሎ ፍቱት፣ ሰንበት ተጠጋ!»

በዕድሜ በልጬ ረታሁ። እድሳቱ ተጀመረ፤
አንድ ሺህ ስምንት መቶ ጥቅል ወረደ፣ ተደረደረ፤
ሰው እየኖረበት ክዳኑ እንደሚለወጥ ጎጆ
አንዱ ሲነቀል አንዱ ሲገባ፣
ዐሥር በመቶ፤ ሠላሳ፤ ስድሳ፤
ስድሳ ሰባት ላይ
ቀጥ።

ጥቁር መስኮት፣ ነጭ ጽሑፍ፣ በእንግሊዝኛ አንድ ጥያቄ፦
ድሮ በእጄ የነካካሁት ፋይል አለ፤ አዲሱም የራሱን ይዞ መጥቷል።
ኢታማር በዚያች በተሰባበረች አማርኛው ተረጎመልኝ፦
«የድሮው ይቅር? ነው የሚለው።»

«ይቅር ስትል፣ ልጄ፣ መንታ ነው ትርጉሙ፤
አብሮን ይቅር ነው ወይስ ይቅር ከነስሙ?
ይቆይ ነው? ይጥፋ ነው?»
አፉን ከፈተ ሊመልስ፤
የሰንበት ጡሩንባ ከተማውን ሞላው። እጃችንን ሰበሰብን።
እንጉዳይ በእጅ ፎጣ ስክሪኑን ሸፈነች፤
«እሳት ነው፣ ዞራችሁ እንዳታዩት» አለች።

ሌሊቱን ከፎጣው ጠርዝ ብርሃን ይሾልካል፤
እንቅልፍ እምቢ ብሎኝ ልቤ ወደ ኋላ ይመለሳል፦
ከአውሮፕላን ወርደን፣ ጠረጴዛ ፊት ተሰልፈን፣
ቁጥር ግንባራችን ላይ ተለጥፎብን፣
«ስም?» አለኝ ጸሓፊው።
«ስንሻው።»
ብዕሩ ተደናቀፈ፤
«ሻውል» ብሎ ጻፈ፤
ቀጣዩን ጠራ።
ሃያ ደቂቃ እንኳ አልፈጀም፤ እንደ አዲስ ተጫንኩኝ።

ስንት ዘመን ቂሙን ጥርሴ ሥር ይዤው ኖርኩኝ።
ኋላ የልጄ አስተማሪ አጫወተችኝ፤
«ሻውል ማለት እኮ ተለምኖ የተገኘ ነው» አለችኝ።
እናቴም ስንሻው ያለችኝ ዘጠኝ ዓመት ለምና ነው።
ያ ሰው ሳያውቀው፣ በአሮጌው ላይ አዲሱን ሲገለብጥ፣
አንዲት መስመር ሳትጠፋ ቀረች።
ይቅር አልኩት እንዴ?
እንጃ።

ቅዳሜ ማታ ሦስት ኮከብ ቆጥረን ፎጣውን ገለጥነው፤
ጥያቄው እንደ ጨዋ ባለጉዳይ እዚያው እንደቆመ ነው።
ኢታማር ጎንበስ ብሎ እስከ ታች ዘለቀው፤
«ዝም ብለህ ብትጫነው የነበረው ይቆያል» አለኝ ሲጨርሰው።

ተጫንኩት።

ሰባ፤ ዘጠና፤ ጠፍታ በራች።
ፊደሌ በቦታው ነው፤ ፀሐይም በፀ ወጣች።
ፕሪንተሩ ግን ጨርሶ ረስቶኛል፤
ሦስቱ ሌሊት እንደ አዲስ ይጠብቀኛል።
ኢታማር ፍላሹን በጣቱ እያሽከረከረ
አየኝ፤ ምንም አላለኝም።
እንጉዳይ ሻይ እያቀረበች «አሁንስ ይቅር» አለች።
የትኛውን እንደሆነ
አልጠየቅኋትም።